የኬንያ ድንበራችን ለምን በዚያ በኩል አለፈ? (ዳዋ፣ ሞያሌ፣ ቱርካና)

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ነው። ቀኑን ሙሉ "ዲላ! ያቤሎ! ሞያሌ!" ሲጠራ ስለምሰማ ሰሞኑን ካርታ ከፍቼ የኬንያን ድንበር ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ተከተልኩት። በምሥራቅ ከዳዋ ወንዝ ይነሳል። ሞያሌን ለሁለት ይከፍላል። ከዚያ በጨው ባሕር ደቡብ ጫፍ አድርጎ ቱርካና ሐይቅ ይደርስና የሐይቁን አናት ብቻ ለኛ ትቶ የሦስት አገር ወሰን ወደሚገናኝበት ወደ ኢሌሚ ያልፋል። ከ860 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንዳንዱ ቦታ ቀጥ ያለ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ ይጠማዘዛል። ስለ ኤርትራና ስለ ሱዳን ድንበር ሁሌ ይወራል። ስለዚህኛው ግን የሚያስረዳኝ ሰው አጣሁ። ማን አሰመረው? ለምንስ እዚያ ላይ? የምታውቁ ጻፉልኝ።

የገላን ልጅ፦
እንግሊዝ ነዋ። ማስመሪያ አንስተው አሰመሩት፣ በቃ። የአፍሪካ ድንበር ሁሉ እንደዚያ ነው።

አቃቂ መምህር፦
ወንድሜ፣ በማስመሪያ ቢሰመር ኖሮ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። ይሄ ከ60 ዓመት በላይ የፈጀ ጉዳይ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ውሎቹ በዚያ ስለሚታወቁ።

በ1888 ቴሌኪ የሚባል የሃንጋሪ መኳንንት ከደቡብ መጥቶ ሐይቁን አየና በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ስም "ሩዶልፍ" አለው። ኬንያ "ቱርካና" ያለችው በ1975 ነው። በ1891 ምኒልክ ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት የወሰን ደብዳቤ ላይ ደግሞ ያው ሐይቅ የሳምቡሩ ባሕር ተብሎ የኢትዮጵያ ዳርቻ ሆኖ ተጽፏል። በ1897 የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጦር ቦረና ገባ። በዓመቱ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከከፋ ተነስተው ሐይቁ ድረስ ወረዱ። እንግሊዞች በዚያው ሰሞን ከሞምባሳ ወደ ዩጋንዳ የባቡር ሐዲድ እየዘረጉ ነበር። ሁለቱም ወገን መሬቱን የኔ ነው ይላል፣ ነገር ግን መሃሉን በደንብ ያየው የለም። ያየውማ እዚያ የሚኖረው ቦረናው፣ ጋብራው፣ ገሪው፣ ዳሰነቹ ነው።

በ1902 መጨረሻ ላይ በተር የሚባል እንግሊዛዊ የመራው ጉዞ በምኒልክ ፈቃድ ወደ ደቡብ ወጣ። አብሮት ካፒቴን ፊሊፕ ሞድ የሚባል የጦር መሐንዲስ ነበር። ሞድ አገሩን ለካ፣ ካርታ ሠራ፣ ተራራውን፣ ገደሉንና ውሃውን እያየ አንድ መስመር ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ ዲሴምበር 6 ቀን 1907 (ኅዳር 26 ቀን 1900 ዓ.ም.) አዲስ አበባ ላይ ውል ተፈረመ።

አሁን ልብ በሉ። ያ ውል መስመሩን ዳዋን አስከትሎ፣ ከዚያ በገሪና በቦረና መካከል አሳልፎ፣ በሞያሌ አድርጎ ጨው ባሕርና ቱርካና ድረስ ይወስደዋል። እዚያው ውስጥ ግን በመስመሩ በሁለቱም ወገን ያሉ ጎሳዎች እንደ ቀድሞው በማዶው ግጦሽ የመጠቀም መብት አላቸው፣ ወደ ውሃ ጉድጓዶቹም ሁለቱም በነፃ ይገባሉ ይላል። ከማዶ ሲሻገሩ የሚዳኙት በዚያኛው አገር ሹም ነው። ይህን ያነበበ ሰው "በማስመሪያ" አይልም። ፈራሚዎቹ መስመሩ ብቻውን እንደማይቆም ያውቁ ነበር። ሰውም ከብትም ውሃውን ይዞ ነው የሚኖረው።

የገላን ልጅ፦
መምህር፣ ጥሩ። ታዲያ በ1907 ካለቀ ለምን 60 ዓመት ይላሉ?

አቃቂ መምህር፦
ስላላለቀ። በ1908 እና በ1909 ሻለቃ ግዊን የሚባል እንግሊዛዊ ያንን ወረቀት መሬት ላይ ሊያወርድ ተላከ። የኢትዮጵያ ወገን በሥራው አልተካፈለም። ግዊንም አንዳንድ ቦታ ላይ ከውሉ ወጣ ብሎ የመሬቱን አቀማመጥ የሚከተል መስመር መረጠ። ኢትዮጵያ አልተቀበለችውም። እንግሊዝ በግዊን መስመር ታስተዳድራለች፣ ኢትዮጵያ ውሉን ትጠቅሳለች። ብዙ ከተከራከሩባቸው ቦታዎች አንዱ ጋዳዱማ ነው። ከተማ አልነበረም፣ ማዕድን አልነበረም። የውሃ ጉድጓድ ነው። ነገሩ የተዘጋው ጁን 9 ቀን 1970 ከነፃዋ ኬንያ ጋር በተፈረመው የወሰን ውል ነው። ጃንሆይና ጆሞ ኬንያታ በሥልጣን ላይ እያሉ ማለት ነው።

የሞያሌ ልጅ (አሁን ኮዬ ፈጬ)፦
መምህር እግዜር ይስጥልን። ስለ ውሃው ልጨምር፣ ምክንያቱም ከዚህ ሆኖ ጉድጓድ ሲባል ግቢ ውስጥ የሚቆፈረው ነው የሚታሰበው።

ቦረና ውስጥ ኤላ ይባላል። ከሁሉም ትልልቆቹ ቱላ ናቸው። ጥልቀታቸው እስከ 30 ሜትር የሚደርስ አለ። ጎረምሶች ከታች እስከ ላይ በየእርከኑ ይቆሙና ባልዲውን እየተቀባበሉ ወደ ላይ ያወጡታል። ሲያወጡ በዜማ ነው፣ ዜማው ነው እጃቸውን አንድ ላይ የሚያስኬደው። ከብቱ ከላይ ተራ ይዞ ይጠብቃል። ተራውን የሚቆጣጠር አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለ። ኤላው ራሱ የቆፋሪው ጎሳ ንብረት ነው፣ ቆፋሪው ደግሞ ኮንፊ ይባላል። ማን ዛሬ፣ ማን ነገ፣ ማን ከነገ ወዲያ እንደሚያጠጣ የታወቀ ነው። በበጋ ከብት በየሦስት ቀኑ ነው ውሃ የሚያገኘው። አንድ ተራ ካመለጠህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ታዲያ በድርቅ ጊዜ አንዱ ከኬንያ በኩል፣ ከሶሎሎ ወይም ከማርሳቢት ከብቱን ነድቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጎሳው ነው። የማን ልጅ ነህ ይባላል። አገሩ ከዚያ በኋላ ነው። በእናቴ ወገን ያሉት ግማሾቹ ሶሎሎ ናቸው። ለሠርግም ለለቅሶም እንሄዳለን፣ እነሱም ይመጣሉ።

ጉሚ ጋዮም አለ። በየ8 ዓመቱ ጋዮ ላይ የሚሰበሰበው ትልቁ ጉባኤ ነው። ሕግ ይታያል፣ አዲስ ይወጣል፣ አሮጌው ይታደሳል። ቦታው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፣ ግን የኬንያው ቦረናም ይመጣል፣ እዚያ የወጣው ሕግ እሱንም ይገዛዋል። የገዳ ሥርዓት በፈረንጅ 2016 ዩኔስኮ ሲመዘገብ ማዶ ያሉት ዘመዶቻችንም እኩል ነው የተደሰቱት። በተቃራኒው ደግሞ የፎሮሌ ተራራ በኛ በኩል ነው፣ ከኬንያ የሚመጡት ጋብራዎች ግን ለአምልኮ ሥርዓታቸው ግመላቸውን ጭነው ወደዚያ ይጓዛሉ። ተራራው እነሱ ዘንድ ቅዱስ ነው።

ሰበታ 07፦
አንድ ሕዝብ ከሆነ ታዲያ ለምን ለሁለት ይከፈላል? ምኒልክ እስከ ማርሳቢት ለምን አልያዙም? ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

አቃቂ መምህር፦
ንዴቱ ይገባኛል። ግን ጊዜውን አስበው። ከ1906 ጀምሮ የምኒልክ ጤና ተናግቶ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ቁጭ ብለው ኢትዮጵያን በጥቅም ክልል ተከፋፍለው ተፈራርመዋል። በዚህ መሃል ከእንግሊዝ ጋር በጽሑፍ የታወቀ ወሰን መያዝ ራሱ መከላከያ ነበር።

ሌላም አለ፣ ይሄን ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንዘለው። የኛ ጦር ሩቅ አገር ሲዘምት ስንቁን ከአገሬው ነበር የሚበላው። ከዚያም የገባር ሥርዓት መጣ። ብዙ ቦረናና ጋብራ ከዚያ ሸሽቶ ከመስመሩ በታች ወረደ። እዚያም እንግሊዞች ሰሜናዊ የድንበር አውራጃ ብለው አጥረው፣ ያለ ፈቃድ መግባትና መውጣት ከልክለው ነው ያስተዳደሩት። ሰዉ ከሁለቱም በኩል ተጎድቷል። ስለዚህ "ለምን እስከ ማርሳቢት አልያዝንም" ከማለት በፊት በያዝነው ላይ ምን እንዳደረግን መጠየቅ ተገቢ ነው ባይ ነኝ።

ጋሼ ሾፌር፦
እኔ ታሪኩን ለመምህር ልተውለት። መንገዱን ግን አውቀዋለሁ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚያ ላይ ነው።

ልጆች፣ ይህ ድንበር ለምን እዚያ እንደሆነ መሪ የያዘ ሰው በጆሮው ይሰማዋል። ከሐገረ ማርያም በኋላ ቡናው ያልቃል፣ ግራሩ ይጀምራል። ያቤሎ፣ ዱብሉቅ፣ ሜጋ፣ ቀይ አፈርና ኩይሳ ነው። ሜጋ ላይ ከፍ ብሎ ነፋሱ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ወደ ሞያሌ መውረድ ነው። ከሞያሌ አልፎ ቱርቢን ሲያልፉ ዲዳ ጋልጋሉ የሚባል ሜዳ ይመጣል። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብቻ። ዛፍ የለም፣ ጥላ የለም፣ እስከ ማርሳቢት ድረስ። ማርሳቢት ደግሞ ድንገት ጫካና ጉም ነው። ስለዚህ መስመሩ የዋለው ደጋማው ቦረና አብቅቶ በረሃው በሚጀምርበት አካባቢ ነው፣ እንጂ ዝም ብሎ አይደለም።

አስፋልቱ ሳይነጠፍ ከሞያሌ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለው መንገድ የሚሄደው በአጀብ ነበር፣ መኪኖች ተጠብቀው፣ ጠመንጃ የያዘ ከላይ ተቀምጦ። ስንቱ ከብት ጫኝ መኪና ድንጋዩ ላይ ጎማውን ጨርሶ ቀርቷል። ዛሬ መንገዱ ለስላሳ ነው። በዲሴምበር 2020 የጋራ የኬላ ጣቢያውን ሁለቱ መሪዎች መጥተው መርቀውታል። አንድ ቦታ ላይ የሁለቱም አገር ጉምሩክ ያያችኋል ማለት ነው።

ድንበሩ ላይ መሪ የያዘ ሰው የሚጠነቀቅበት አንድ ነገር አለ። እኛ በቀኝ እንነዳለን፣ እነሱ በግራ። ኬላውን እንዳለፍክ መስመር ትቀይራለህ። ሰዓቱ ግን አይለይም። በስዋሂሊም ጠዋት 1 ሰዓት የኛው 1 ሰዓት ነው፣ ፀሐይ ከወጣች ነው የሚቆጥሩት። ከኬንያ ሾፌር ጋር ቀጠሮ ስንይዝ ተሳስተን አናውቅም።

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሰዓቱን ነገር ዛሬ ነው የሰማሁት። በጣሊያን ጊዜስ? ያኔ ድንበሩ ላይ ውጊያ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።

አቃቂ መምህር፦
ነበር። በጁላይ 1940 ጣሊያኖች ከኛ በኩል ተነስተው የእንግሊዙን ሞያሌ ከበቡና ያዙ። እንግሊዞች ምሽጉን ፎርት ሃሪንግተን ይሉት ነበር፣ በአዲስ አበባ ወኪላቸው ስም። በፌብሩዋሪ 1941 የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ከኬንያ ሽቅብ ወጥተው ሜጋን ያዙ፣ ሞያሌም ተለቀቀች። ሜጋ ከዚያ በፊት የእንግሊዝ ቆንስላ የነበረባት ከተማ ናት። ጋሼ የሚያልፉበት መንገድ ማለት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው ደግሞ ብዙ ሰው የማያነሳው ነው። በ1963 ኬንያ ነፃ ልትወጣ ስትል ኢትዮጵያና ኬንያ የመከላከያ ስምምነት አደረጉ። ሶማሊያ ከሁለቱም መሬት ትጠይቅ ነበር። ከ1963 እስከ 1967 በሰሜን ኬንያ የሽፍታ ጦርነት የሚባለው ተካሄደ። በ1979 ደግሞ ደርግ ከኬንያ ጋር የወዳጅነት ውል ፈረመ። አንዱ ሶሻሊስት፣ አንዱ የምዕራብ ወዳጅ፣ ግን ወሰኑ ላይ አንድ ቃል ነበሩ። ለኔ የዚህ ድንበር ትልቁ ታሪክ ይሄ ነው። መንግሥት ተቀያይሯል፣ ርዕዮተ ዓለም ተቀያይሯል፣ በዚህ መስመር ምክንያት ግን ሁለቱ አገሮች ጦር ተማዘው አያውቁም።

ዋደራ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይህን ያህል ሰላም ነው አይበሉ። መንግሥታቱ አልተዋጉም፣ ሰዉ ግን ተዋግቷል። በፈረንጅ 2005 በቦረናና በጋብራ ግጭት ቱርቢ ላይ የሆነውን እዚያ አካባቢ የማያውቅ የለም። ሕፃናት ሳይቀሩ ሞተዋል። ዳሰነችና ቱርካናም በዓሣና በግጦሽ ይጋጫሉ። ከብት ይነዳል፣ ገዳዩ መስመሩን ተሻግሮ ይጠፋል፣ ፖሊስ ደግሞ ከመስመሩ ላይ ይቆማል። የተጎዳው ሰው "ወዳጅ አገር" ሲባል ምን ይሰማዋል?

የሞያሌ ልጅ (አሁን ኮዬ ፈጬ)፦
ልክ ነህ ወንድሜ። የቱርቢውን ጊዜ እኛ ከተማም ሰው አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚሄደው። ቦረናም ጋብራም ሁለቱም በኛ ሰፈር ጎረቤት ናቸው። ለሞያሌ ሰው ከኬንያው መስመር የከበደው ደግሞ እዚሁ ከተማችን ውስጥ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልል መካከል ያለው ነው። በሱ ምክንያት ብዙ ሰው ሞቷል፣ ብዙ ቤት ተዘግቷል። ገበያ ለመሄድ ወደ ኬንያ መሻገር ቀላል የሆነበት፣ ሁለት መንደር አልፎ መሄድ ግን የሚያስፈራበት ጊዜ አይተናል።

እሱም ግን ሥሩ ሲታይ ውሃና ግጦሽ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ 5 የዝናብ ወቅት ሲከሽፍ ቦረና ከብቱን ጨረሰ። መጋቢት ላይ የሚጠበቀው አልመጣም፣ መስከረም መጨረሻ ላይ የሚጠበቀውም አልመጣም። የዘመዶቼ በረት ባዶውን ቀርቷል። ያኔ ኤላው ላይ ተራ ማስከበር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ ሆኖ መፍረድ አይቻልም።

ለገጣፎ ሰርቬየር፦
እኔ በቅየሳ ነው የምሠራው፣ ስለ ሁለቱ ጫፎች ልበል። በመሃል ያለው ድንበር ቢያንስ ምልክት ይተከልበታል። ጫፎቹ ግን ውሃ ናቸው፣ ውሃ ደግሞ ቦታውን ይቀይራል።

ዳዋ ዶሎ ላይ ከገናሌ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ሆኖ ሶማሊያ ይገባል። በበጋ ብዙ ቦታ አሸዋ ብቻ ይሆናል፣ ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ዳሩን እየናደ ይሄዳል። እንደዚህ ያለ ወንዝ ድንበር ሲሆን መሃሉ የት ነው የሚለው ጥያቄ በየክረምቱ ይነሳል።

ምዕራቡ የበለጠ ይገርማል። ቱርካና ከሚያገኘው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ የኦሞ ነው። ሐይቁ በሙሉ ማለት ይቻላል ኬንያ ውስጥ፣ ውሃው ግን ከኛ ነው። የሐይቁ ውሃ ሲቀንስ ኦሞ ያመጣው ደለል ወደ ደቡብ እየገፋ መሬት ይሠራል። ሐይቁ ሲሞላ መልሶ ይውጠዋል። ዳሰነቹ ደለሉን ተከትሎ ያርሳል፣ ዓሣ አጥማጁ ሐይቁን ተከትሎ ይሄዳል፣ መስመሩ ካርታ ላይ ባለበት ነው። ዋደራ ያነሳኸው ግጭት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ኦሞ ላይ ያለው ግልገል ጊቤ 3 በፈረንጅ 2016 ሲመረቅም የማዶዎቹ ሥጋት ከዚሁ የመጣ ነው። ግድቡ የወንዙን የጎርፍ ወቅት ይቀይረዋል። እኛ መብራት እንፈልጋለን፣ እነሱ ሐይቅ ይፈልጋሉ። ሁለቱም እውነት ነው፣ ስለዚህ ቁጭ ብሎ መነጋገር ግዴታ ነው።

ሰበታ 07፦
መብራቱን ለነሱም እየሸጥን አይደል እንዴ?

ለገጣፎ ሰርቬየር፦
አዎ። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ናይሮቢ አጠገብ ሱስዋ የሚደርስ 1,045 ኪሎ ሜትር መስመር አለ። 500 ኪሎ ቮልት ነው፣ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል። ሽያጩ በ2022 መጨረሻ ላይ በ200 ሜጋ ዋት ተጀመረ። ከኦሞ የሚመነጨው ኃይል በሽቦም ድንበሩን ይሻገራል ማለት ነው።

የገላን ልጅ፦
ኢሌሚስ? ካርታ ላይ ነጠብጣብ መስመር የሆነው ለምንድነው?

አቃቂ መምህር፦
እሱ በዋናነት የኬንያና የደቡብ ሱዳን ጉዳይ ነው። በ1938 እንግሊዞች የቱርካናን ግጦሽ ለመጠበቅ ቀይ መስመር የሚባለውን አሰመሩ። ያኔ ሱዳንም ኬንያም በነሱ እጅ ስለነበሩ አላሳሰባቸውም። አሁን ቦታውን የምታስተዳድረው ኬንያ ናት። የሦስቱ አገሮች ወሰን የሚገናኘው እዚያ ስለሆነ እኛንም ይነካናል። እዚያም ቢሆን መነሻው ያው የከብት ሣር ነው።

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሞያሌ ልጅ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ኤላውን በዓይኔ ማየት ብፈልግ የት ልውረድ?

የሞያሌ ልጅ (አሁን ኮዬ ፈጬ)፦
ዱብሉቅ ውረድ። ከያቤሎ ወደ ሜጋ ስትሄድ ዋናው መንገድ ላይ ነው። በበጋ ሂድ፣ ጥርና የካቲት ጥሩ ነው። ዝናብ ካለ ከብቱ ሜዳ ላይ ኩሬ ስለሚያገኝ ኤላው ባዶ ነው። መጀመሪያ አባ ሄሬጋውን ጠይቅ፣ ሰላምታ ስጥ፣ ከብት እየጠጣ ፊት ለፊቱ አትቁም። ፎቶ ሳታስፈቅድ አታንሳ። ከዚያው ኤል ሶድ ሩቅ አይደለም፣ ከእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ጨው የሚያወጡበት ነው። ቁልቁለቱ ብዙ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይጠነክር ውረድ፣ ውሃ ያዝ።